ሶዲየም ምን ሰጠ? ክሎሪንስ ምን ተቀበለ?

ኬሚስትሪ ለያዛችሁ፣ በተለይ ለእኛ ለነርሲንግ ተማሪዎች፣ ከፈተና የማይቀር አንድ ርዕስ በአማርኛ ላካፍላችሁ፦ አተሞች ሲተሳሰሩ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ማነው? የሚቀበለውስ? እኔ ትምህርቱን የተማርኩት እዚሁ ውጭ አገር ነው፤ በደንብ የገባኝ ግን ለእናቴ በአማርኛ ሳስረዳ ነው።

መነሻው የመጨረሻው እርከን ነው

ኤሌክትሮኖች በኒውክለሱ ዙሪያ በየእርከኑ ይደረደራሉ። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፦ 2፣ 8፣ 1። ክሎሪን 17 አሉት፦ 2፣ 8፣ 7። እንዲህ ያሉ አተሞች ሲተሳሰሩ የመጨረሻ እርከናቸው 8 ወደሚሆንበት ያዘነብላሉ። ሶዲየም ሌላ 7 ከሚያመጣ ያለችውን አንዷን መልቀቅ ይቀለዋል፤ ክሎሪን ደግሞ የጎደለችው አንዲት ብቻ ናት። ስለዚህ አንዷ ኤሌክትሮን ከሶዲየም ወደ ክሎሪን ትሄዳለች።

ያጣው ለምን ፕላስ ሆነ?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮንን እንደ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ዕዳ አስቧት፤ ራሷ ማይነስ ናትና። ዕዳውን ያራገፈ ወደ ፕላስ ይወጣል፤ ዕዳ የተቀበለ ወደ ማይነስ ይወርዳል። በቁጥር ስናየው፣ ሶዲየም 11 ፕሮቶን ይዞ 10 ኤሌክትሮን ቀረው፤ +1 ሆነ። ክሎሪን 17 ፕሮቶን ይዞ 18 ኤሌክትሮን ሆነለት፤ −1 ሆነ፣ ስሙም ክሎራይድ ተባለ። እንዲህ ቻርጅ ያለው አተም አዮን ይባላል። ፕሮቶኖቹ ስላልተነኩ ሶዲየም ሶዲየምነቱን አይለቅም።

ፕላስና ማይነስ ይሳሳባሉ፤ ይህ መሳሳብ አዮናዊ ትስስር ነው፣ ውጤቱም የምንበላው ጨው። ግን «ሶዲየም መስጠት ስለሚወድ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ! ከአንድ ሞል የሶዲየም ጋዝ ኤሌክትሮኖቹን ለማላቀቅ 496 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ክሎሪን ሲቀበል የሚወጣው 349 ገደማ ብቻ ነው። ጉድለቱን አሟልቶ የሚያተርፈው አዮኖቹ ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚወጣው 787 ኪሎጁል ገደማ ነው።

የአንዲት ኤሌክትሮን ልዩነት

ንጹሕ የሶዲየም ብረት ውሃ ሲነካ ሊፈነዳ ይችላል። የክሎሪን ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢፕር ላይ ወታደር ፈጅቷል። አዮኖቻቸው ግን በየደማችን ውስጥ አሉ። የላብራቶሪ ውጤት «ሶዲየም 140» ሲል የሚናገረው ስለ አዮኑ ነው፤ መደበኛው በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ፖታሲየምም አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ +1 ይሆናል፤ መደበኛው ግን ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ብቻ ነው። በጣም ከፍ ካለ ልብን ሊያቆም ይችላል። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በመርፌ በቀጥታ ወደ ደም ሥር የማይሰጠው ለዚህ ነው።

ሁሉም ከረጢት «ጉሉኮስ» አይደለም

ኤሌክትሮንን በጋራ መያዝም አለ፤ ይህ ኮቫለንታዊ ትስስር ይባላል። በግሉኮስ ውስጥ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይጋራሉ። ስለዚህ ግሉኮስ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሞለኪዩሉ አይበተንም፤ ጨው ግን ወደ አዮኖቹ ይለያያል።

በየቤታችን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ «ጉሉኮስ» ይባላል። ኖርማል ሳላይን ግን ስኳር የለበትም፤ በሊትር 9 ግራም ጨው ነው፣ ማለትም 154 ሚሊሞል ሶዲየምና 154 ሚሊሞል ክሎራይድ። ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት «ጉሉኮስ ሰቀሉብኝ» ብለው ሲደነግጡ ወይም ሐኪሙ ምን እንደተሰጣቸው ሲጠይቀን፣ የምናስተረጉመው እኛ ልጆቻቸው ነን። ቃሉን ዝም ብለን ከማስተላለፍ በፊት ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን እናንብብ፤ ካልገባንም ነርሷን እንጠይቅ።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. ማግኒዚየም (2፣ 8፣ 2) ምን ይሆናል?
2. ኦክስጅን (2፣ 6) ምን ይሆናል?
3. አሉሚኒየም (2፣ 8፣ 3) ከኦክስጅን ጋር በምን ያህል ለምን ያህል ይጣመራል?

መልስ፦ 1) ሁለት አጥቶ +2። 2) ሁለት ተቀብሎ −2። 3) ሁለት አሉሚኒየም ለሦስት ኦክስጅን፤ 6 ኤሌክትሮን ተሰጠ፣ 6 ተወሰደ። የተሰጠውና የተወሰደው እኩል ካልሆነ ሒሳባችሁን እንደገና እዩት።

መልካም ፈተና!