የነሐሴ ጎመን፣ የጥቅምት እሸት

አገራችን ደጋም ቆላም ናት። ከጉና ራስ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለው መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ደጋው ገብስ፣ ባቄላና ድንች ያበቅላል። ወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆሎና ሽምብራ ይሰጣል። ቆላው የማሽላ አገር ነው። ስለዚህ አንዱ ዘንድ ያልደረሰው ሌላው ዘንድ ይደርሳል። ወገዳ ወይም ነፋስ መውጫ ገበያ ወጥተን ብንዞር ይህን በዓይናችን እናያለን። እንዲህ ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን ክረምት ከበጋ እንጀራ በሽሮ ብቻ እንበላለን።

ከሁሉ የሚከብዱን ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ጎተራው ጎድሏል፤ አዲሱ እህል ገና ነው። በዚህ ጊዜ ደራሹ ጎመን ነው። የድሃ ምግብ ነው እያሉ እንግዳ ሲመጣ የሚደብቁት አሉ። ጎመን ግን የሚታፈርበት ምግብ አይደለም። ቅጠሉ የጠቆረ ጎመን ዓይንን ከዳፍንት ይጠብቃል። ዳፍንት ማለት ሲመሽ ማየት አለመቻል ነው። ሕፃናትን አብዝቶ ያጠቃል። ጎመኑን ከመክተፋችን በፊት እንጠበው። በብዙ ውሃ ቀቅለን ውሃውን ብንደፋው ጥቅሙም አብሮ ይደፋል። በጥቂት ውሃ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገንበት ቶሎ እናውጣው። ዘይቱ ለፍልሰታ ጾምም ይሆናል። ሳማም እንደዚሁ ነው፤ ሲፈላ መለብለቡ ይጠፋል።

ድንችም የክረምት ደራሽ ነው። ወደ አገራችን ያመጣው ሺምፐር የሚባል የጀርመን የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ ጊዜውም በ1850 ዓ.ም. አካባቢ ነበር። በሦስት በአራት ወር ይደርሳል። ፀሐይ ነክቶት አረንጓዴ የሆነውን ግን አንብላ፤ ያሳምማል።

በመስቀል የጎመኑ ምንቸት ወጥቶ የገንፎው ምንቸት ይገባል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጊዜው የእሸት ነው። የባቄላውና የአተሩ እሸት ይመጣል። የገብሱን እሸት በእሳት ለብልበን፣ በመዳፋችን አሽተን ስንቅመው እርሱን የሚያህል የለም! የበቆሎ እሸት በተቆረጠበት ቀን ይጠበስ፤ ካደረ ጣዕሙ ይቀንሳል። የዱሩን ፍሬ እረኞች ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ ኮሽሙን፣ እንጆሪውን፣ በቆላ በኩል ደግሞ ቁርቁራውን። ልጆቹ የበሰለውን ሲለቅሙ ባንቆጣቸው ይሻላል።

አንድ እሸት ግን ይለያል። እርሱም የጓያ እሸት ነው። ጓያ ድርቅ ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። በክፉ ቀን ብቻውን የሚበላውም ስለዚህ ነው። እሸቱም፣ ቆሎውም፣ ንፍሮውም ለሳምንታት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ይሰብራል። የተሰበረው እግር አይመለስም። ከእኛ በስተ ምሥራቅ፣ በደላንታና በዳውንት፣ ከ1987 እስከ 1991 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ብዙ ሰው በዚህ ተሰብሯል። የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው የሚሉ አሉ። እንፋሎቱ አይደለም፤ መርዙ ያለው በራሱ በፍሬው ውስጥ ነው። ልጆች ማሳ ገብተው የሽምብራ እሸት ሲበሉ ዝም እንበላቸው፤ ጓያው ላይ ሲቀመጡ ግን እንከልክላቸው። ሌላ አጥተን የምንበላው ከሆነ ደግሞ ጓያውን እንዘፍዝፈው፤ ውሃውን እየደፋን እንለውጥ። ከዚያም ከገብስ ወይም ከጤፍ ጋር እንቀላቅለው። ይህ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ባቄላ ወይም አተር ያለው ሰው እርሱን ያስቀድም።

ለሚመጣው ነሐሴም ከወዲሁ እንሰናዳ። ጎመኑን ሁሉ ቀንጥሰን አንጨርስ። ከጓሮው መልካም መልካሙን ሦስት አራት ግንድ እንተው፤ ያብብ፣ ፍሬውም ይድረቅ። ዘሩን አራግፈን፣ በጨርቅ ቋጥረን፣ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ እንስቀለው።