የንግድ ምልክትን በስሙ መጥራት ወንጀል ነው እንዴ?

ለመሆኑ የንግድ ምልክት የሚጠቅመው ማንን ነው? ነጋዴውን ብቻ አይደለም። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ገበያ የመጣ ገበሬ ብርድ ልብስ ሲገዛ ምልክቱን የሚያየው ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ነው። ብርድ ልብሱ በወሩ ቢሳሳ ስሙን ጠርቶ ለጎረቤቱ ይናገራል። ጋዜጠኛም አጣርቶ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሰሚው ይበዛል እንጂ።

በሀገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። አዋጁ ለባለቤቱ የሚታደስ የ7 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሸማቹን በሚያሳስት መንገድ በምልክቱ መጠቀምንም ይከለክላል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ አያበቃም። ያለ በቂ ምክንያት የባለቤቱን ጥቅም በሚጎዳ ሁኔታ መጠቀምንም ባለቤቱ ሊያስቆም ይችላል። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ዘገባም እኮ ገበያ ይቀንሳል! ዜና፣ ትችትና ቀልድ በቂ ምክንያት ስለመሆናቸው አዋጁ በግልጽ አላስቀመጠም።

በደቡብ አፍሪካ ላፍ ኢት ኦፍ የተባለ ቲሸርት አሳታሚ በካርሊንግ ብላክ ሌብል ቢራ ምልክት ላይ ቀልዶ፣ የጥቁሮችን ጉልበት ብዝበዛ የሚነካ ጽሑፍ በማተሙ ተከሶ ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ለአሳታሚው ፈረደ፤ ከሳሹ በገበያው ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አላስረዳም በማለት። አሜሪካም በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ የዝነኛ ምልክቶችን ሕግ ስታሻሽል ዜናና ትችትን ለይታ ነፃ አደረገች።

እኛም ብንሆን በዚህ ነፃነት ተጠቅመናል። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት ተቃውሞ ገጠመው። ኦክስፋም ስታርባክስን በስሙ እየጠራ ዘመቻ አካሄደ፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያውና ኢትዮጵያ ስምምነት ፈረሙ። ዘመቻው «አንድ የቡና ኩባንያ» ብቻ ቢል ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ዘገባ ስንጽፍ «አንድ ፋብሪካ» ማለት ይቀናናል። በዚህ ጊዜ ጥፋት የሌለበት ፋብሪካ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። በእኔ እምነት አዋጁ ሲሻሻል፣ ምልክትን ለዜና፣ ለትችትና ለቀልድ መጥራት የባለቤቱን መብት እንደማይነካ የሚገልጽ አንድ ንዑስ አንቀጽ ቢጨመርበት ይበቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን አረጋግጧል። ሐሰት የጻፈ በስም ማጥፋት ይጠየቅ፤ እውነት የጻፈ ግን ስም ጠራህ ተብሎ አይከሰስ።