በድንጋይ የተጻፈ የገዢ ቃል

ሕንፃ ከፀሓይና ከዝናብ መጠለያ ብቻ አይደለም፤ ያሠራው ሰው ለሌሎች እንዴት ሆኖ ለመታየት እንደ ፈለገም ይናገራል። አሠሪው ማንም ሊቃወመው የማይችል ገዢ በሆነ ጊዜ ግን የራሱን ቃል የሕዝቡ ሁሉ ቃል አስመስሎ በድንጋይ ያስጽፋል። ይህ እንዴት እንደሚደረግ ለማስረዳት የፋሺስት ኢጣልያን ምሳሌ መርጫለሁ። ነገሩ እኛንም የሚነካ ስለ ሆነ ጓደኞቼ በጥሞና እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቤኒቶ ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኢጣልያኖች የጥንት ሮማውያን ወራሾች መሆናቸውን ለማሳመን ብዙ ደከመ። ለዚህም ከጋዜጣና ከትምህርት ቤት ሌላ መንገድና ሕንፃ ጠቀሙት፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ያያቸዋልና። በ1932 በሮማ ከተማ ከቬኔስያ አደባባይ እስከ ኮሎሴዎ የሚደርስ ሰፊ ጐዳና ተከፈተ። ለዚህ ጐዳና ሲባል ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት አሮጌ ሰፈር ፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ተወሰዱ። የሞቱትን ሮማውያን ለማክበር ሲባል በሕይወት ያሉት ቤታቸውን አጡ ማለት ነው።

በ1934 በዚያው ጐዳና ዳር የጥንቷ ሮማ ግዛት እንዴት እየሰፋ እንደ ሄደ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች በግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። አዲስ አበባ በ1936 ከተያዘች በኋላ ደግሞ አምስተኛ ካርታ ተጨመረ፤ በርሱም ላይ አገራችን የኢጣልያ ግዛት ሆና ታይታ ነበር። በዚህ ዓይነት በመርዝ ጢስና በቦምብ የተደረገው ወረራ ከጥንት የመጣ ርስት እንዲመስል ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ አምስተኛው ካርታ ተነሣ፤ አራቱ ግን ቀሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ዛሬ ኤኡር በሚባለው የሮማ ሰፈር ያለው «የኢጣልያ ሥልጣኔ ሕንፃ» ነው። ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበትን 20ኛ ዓመት በ1942 በዓለም ኤግዚቢሽን ለማክበር አስበው አሠሩት። በአራቱም ጐን፥ በየጐኑ ስድስት ረድፍ፥ በየረድፉ ዘጠኝ ቅስት አለው፤ በድምሩ 216 ነው። ቅስቶቹ ኮሎሴዎን እንዲያስታውሱ የታቀዱ ናቸው። ከውጭ ሲያዩት ጥንታዊ የድንጋይ ሥራ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ነው፤ ድንጋዩ ልብሱ ነው።

በግንባሩ ላይ ኢጣልያኖችን በባለቅኔነት፣ በጀግንነት፣ በቅድስናና በሳይንስ የሚያመሰግን ጽሑፍ ተቀርጿል። ይህ ቃል የተወሰደው ሙሶሊኒ ኦክቶበር 2 ቀን 1935 በኢትዮጵያ ላይ መዝመቱን ለሕዝቡ ካስታወቀበት ንግግር ነው። በማግሥቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ። ድንጋዩ ምስጋናውን ይናገራል እንጂ ቃሉ ለምን ነገር እንደ ተነገረ አይናገርም። ኤግዚቢሽኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ሳይደረግ ቀረ፤ ሕንፃውም ከ2015 ጀምሮ ፌንዲ የተባለው የልብስና የቆዳ ዕቃ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ማፍረስ ይሻላልን? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ግቢ ኢጣልያኖች ያሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን ከ1922 ጀምሮ የፋሺስትን አገዛዝ አንድ አንድ ዓመት ይቈጥራል። አገራችን በ1941 ነጻ ከወጣች በኋላ አባቶቻችን ሳያፈርሱት በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ደረጃው ያው ነው፤ ትርጕሙ ግን ተገለበጠ። እኔ ይህን ከማፍረስ የበለጠ ጥበብ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ የወራሪው ትዕቢትም የወደቀበትም ታሪክ በአንድ ሐውልት ላይ ይነበባልና።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፥ በታላቅ ሕንፃ ፊት ስንቆም ቁመቱንና ውበቱን ብቻ አንመልከት። ማን አሠራው? በቦታው ማን ይኖር ነበር? በግንባሩ ላይ ያልተጻፈውስ ምንድር ነው? ብለን እንጠይቅ።