ዜናው ከማን ተሰማ?



ባለፈው ወር በጀመዓችን የቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ የጎርፍ ቪዲዮ «ዛሬ የደረሰ» ብለን ለጥፈን ዱዓ ጠየቅን። በማግስቱ አንዲት እህታችን ምስሉን በጉግል ሌንስ ፈልጋ የቆየ መሆኑን፣ አገሩም ሌላ እንደነበር አሳየችን። አጠፋነው። እስክናጠፋው ድረስ ስንቱ ለስንቱ እንዳስተላለፈው አላህ ነው የሚያውቀው። መድረሳ ስንቀራ ሐዲስ ሲነገር ኡስታዞቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት ሰነዱን ነበር፤ ማን ከማን ሰማ? ስልክ ስንይዝ ይህን ረሳነው።

ይህን ያነሳነው ከመካከላችን የዓለም አቀፍ ዜና ዘጋቢ ለመሆን የሚያስቡ ስላሉ ነው። «ከየት ይጀመራል?» ለሚሉን የመሐመድ አሚንን ሕይወት እንዲያነቡ እንመክራለን። ናይሮቢ የተወለደው ይህ ሙስሊም የካሜራ ባለሙያ ገና ልጅ ሳለ ነው ፎቶ ማንሳት የጀመረው። ፎቶም ፊልምም አንድ ላይ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ «መልቲሚዲያ» የምንለውን ማለት ነው። ቪዝኒውስ የተባለው የዜና ድርጅት የያዘውም ምሥራቅ አፍሪካን፣ መንገዱንና ሰዉን ስለሚያውቅ ነበር። አገሩን ማወቅ ለጀማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ቋንቋችንም እንደዚሁ።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብቶ የቀረጸው የረሃቡ ምስል ዓለምን አነቃነቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የተዘጋጀው በዚሁ ረሃብ ምክንያት ነው። በግንቦት 1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። በኅዳር 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ውስጡ ነበር። ሥራው ዋጋ እንደሚያስከፍል ወላጆቻችን ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። ስልኩን አግድም ያዙ፤ እያንዳንዱን ምስል ሳታንቀሳቅሱ አሥር ሰከንድ ያህል ቅረጹ። መጀመሪያ ቦታውን በሰፊው፣ ቀጥሎ ሰዉን፣ ከዚያ እጁን ወይም ፊቱን በቅርበት። የአካባቢውን ድምፅ ለብቻው ቅዱ፤ ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህን ነው። ጽሑፉን ምስሉን እያያችሁ ጻፉ። ተመልካቹ የሚያየውን አትንገሩት፤ ከምስሉ የማያገኘውን ንገሩት፦ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ለምን ሆነ። የሚደመጥ ዜና ላይ ቁጥር አትደርድሩ። የሰው ቪዲዮ ስትጠቀሙ የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ፣ የፀሐይ ጥላ ሳይቀር ከተባለው ቦታና ሰዓት ጋር አስተያዩ። ኢንጂነሪንግ ለምንማር ላቦራቶሪ ውስጥ ልኬት ደጋግሞ ከመውሰድ ብዙም አይለይም።

በመጪው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ ለሚዲያ ክፍላችን ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ የውጭ አገር ዜና በአንድ ደቂቃ ሠርተን እንምጣ፤ ከሥሩም እያንዳንዱን ምስል ማን፣ መቼ፣ የት እንደቀረጸው እንጻፍ። ይህን መጻፍ ያቃተን ምስል አይታይም።