ዶሮዎቹ ውጭ ይደሩ፦ ለጓሮ ዶሮ አርቢ ቤተሰብ የአሠራር መመሪያ

በጅማ ዞን፣ በሰኮሩና በአካባቢዋ ቀበሌዎች ዶሮ ማታ ሰው ቤት የምታድረው በቸልተኝነት አይደለም። ሌሊት ጥርኝና ሸለምጥማጥ ይመጣል፣ ሌባም አለ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ሳያባራ ያድራል። ስለዚህ ቆጡ ከጓዳው ጥግ ይሠራል፤ ጠዋት ኩሱ ይጠረጋል። ወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን ግን መጥረጊያው የተወውን በእጁ ያገኘዋል፤ እጁ ደግሞ አፉ ውስጥ ነው። ከአምስት እስከ ሃያ ዶሮ ለሚያረባ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህን አንድ ልማድ መቀየር ነው።

የሚያሳስቡን ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በዶሮ አንጀት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምሟት ይኖራሉ። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ካምፒሎባክተር የሚመቸውም እዚሁ ሙቀት ላይ ነው። ዶሮዋ ደህና ስለበላችና ስለጫረች ከባክቴሪያ ነፃ ናት ማለት አይቻልም። ሰውን የሚይዘው ታይፎይድ ግን ከዶሮ አይመጣም፤ የሚተላለፈው በሰው ሰገራ በተበከለ ምግብና ውሃ ነው። ዶሮዎችን የሚፈጀው የዶሮ ታይፎይድም ሌላ በሽታ ነው፣ ሰውን እምብዛም አይነካም። ከጓሮ ዶሮ ወደ ሰው የሚሻገረው ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት የሚያስከትለው ዓይነት ነው።

ይህ ዶሮ አታርቡ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር አንድ ቤት በሚያድሩበት ግን ውጤቱ ተገልብጦ ታየ። በሐረማያ ወረዳ ገጠር የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ያለፈ ሕፃናትን ሰገራ ሲመረምር በግማሽ ያህሉ ላይ ካምፒሎባክተር አግኝቷል። እንቁላሉ ልጁን ያሳድጋል፣ ኩሱ ያቀጭጨዋል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ግድግዳ ነው።

1. የማደሪያውን ቤት መሥራት

ለአሥር ዶሮ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል። አራት ጠንካራ የባሕር ዛፍ ቋሚ ትከሉ፤ ወለሉን ከመሬት ከወገብ በታች ባለ ከፍታ አንሡት። ወለሉ ድፍን ጣውላ እንዳይሆን፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ቀጭን እንጨት ጣት በሚያሾልክ ክፍተት ደርድሩ። ኩሱ በክፍተቱ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ዶሮዋም ሌሊቱን ሙሉ በራሷ ኩስ ላይ አትቆምም። በሩ ከውጭ የሚቀረቀር ይሁን፣ ግድግዳው ላይ አየር ማስገቢያ ተዉለትና በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ሸፍኑት፤ ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ መሹለክ ያውቅበታል። ቦታው ከውሃ ጉድጓድና ከማዕድ ቤት ራቅ ይበል፣ ነገር ግን ኮሽታው መኝታ ቤት እንዲሰማ። ሌባ የሚፈራ ሰው ዶሮውን አርቆ አያሳድርምና ይህን የመጨረሻውን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት።

2. ማለማመድ

ዶሮ የለመደችውን ቆጥ በአንድ ሌሊት አትተውም። ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃና ምግቧን አዲሱ ቤት ውስጥ እያቀረባችሁ ዘግታችሁ አቆዩአት። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ልቀቋት፤ ሲመሽ ጥቂት በቆሎ እዚያው በትኑላት። አንዳንዷ እልኸኛ ናት፣ ወደ ድሮው ጓዳ ትመለሳለች፤ ያን ጊዜ ይዞ መመለስ ነው። ሲነጋ በሩን የሚከፍተው ሰው ጫማውን ደጃፍ ላይ ያውልቅ፤ ኩስ ወደ ቤት የሚገባው በዶሮ እግር ብቻ አይደለም።

3. ኩስ፣ እጅና ሕፃን

ከወለሉ ሥር የተጠራቀመውን ኩስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥረጉና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ቀላቅላችሁ ከምሩት፤ እያገላበጣችሁ ቢያንስ አራት ወር ይብላላ። በጅማ አካባቢ ትኩሱን ኩስ ወደ ጓሮ አትክልት መድፋት የተለመደ ነው። ቡና ይቆላልና ከዚህ በኩል ብዙ አያሳስብም። ሰላጣ፣ ቃሪያና ጫት ግን እሳት ሳይነካቸው አፍ የሚገቡ ናቸው፤ ሥራቸው ትኩስ ኩስ አይደፋ። ለፀሐይ የተሰጣ በርበሬም ከዶሮ ይጠበቅ፤ ካምፒሎባክተር ድርቀት አይችልም፣ ሳልሞኔላ ግን በደረቅ ቅመም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የወጡ በርበሬ ይበስላል። ሚጥሚጣው ግን ጥሬውን ነው የሚበላው።

ኩስ፣ እንቁላል ወይም ጫጩት የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሳሙና ከሌለ አመድ ይሠራል። ልጆች ጫጩት አቅፈው ከመሳም ይከልከሉ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ከጓሮ ዶሮ ጋር በተያያዘ በሳልሞኔላ የታመሙት ከ1,700 በላይ ነበሩ፣ ከእነሱም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። ለሚድኸው ልጅ የሚታጠብ ምንጣፍ ለይታችሁ አንጥፉለት፣ ዶሮ ስትመጣበት አባሩ።

4. እንቁላል

ጎጆው ደረቅ ጭድ ይኑረው፣ እንቁላሉን በቀን ሁለት ጊዜ ልቀሙ። አትጠቡት። ቅርፊቱ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ይኮማተርና ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስባል። ኩስ የነካውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ቀድማችሁ ተመገቡት። የተሰነጠቀው ለገበያ አይሂድ፤ ዕለቱን ቀቅሉት። ለደረት ይሆናል ተብሎ ጥሬ እንቁላል መጠጣት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን መስጠት፣ ይቅር።

5. ማረድና መሥራት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ዶሮ ወጥ ራሱ በደንብ ስለሚንተከተክ ባክቴሪያን ይገድላል። አደጋው ያለው ወጡ ውስጥ ሳይሆን ወጡ አጠገብ ነው። ለገናም ሆነ ለዒድ ዶሮ የምትሠራው እናት ጥሬውን ዶሮ በነካችበት እጅና ቢላዋ አይቡን ታዘጋጃለች፣ ሰላጣውን ትከትፋለች።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ዶሮው ከመታረዱ በፊት አይቡንና ሰላጣውን ሠርታችሁ ከድናችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። የሚታረደው ከማዕድ ቤት ውጭ ይሁን። ላባው ከተነጨና ገላው ከተለበለበ በኋላ ሆድ ዕቃው ሲወጣ አንጀቱ እንዳይቀደድ ተጠንቀቁ፤ ከመታረዱ በፊት ምግብ የተከለከለ ዶሮ አንጀቱ ባዶ ስለሚሆን ለዚህ ይረዳል። ከተቀደደ ያን ክፍል ቆርጦ መጣል ነው።

ያለ ሎሚና ጨው ዶሮ ታጠበ የሚል ባልትና የለም፤ አትተዉ ብል ማንም አይሰማኝም፣ ደግሞም ሽታውን ይወስዳል። ባክቴሪያውን ግን አይጨርሰውም። እጥበቱ በሰፊ ሳፋ ውስጥ፣ ውሃው ሳይረጭ፣ ከሌላ ዕቃ ርቆ ይደረግ። እጣቢው ጉድጓድ ይግባ፤ ጓሮ ከተደፋ ሌሎቹ ዶሮዎች ይጠጡታል። ዶሮው የተበለተበት መክተፊያና ቢላዋ መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በተበጠበጠበት አራት ሊትር ውሃ ይታጠቡ፤ ሳፋውም እንዲሁ። ማቀዝቀዣ ከሌለ ብልቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ እሳት ላይ ይጣድ። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅና መገጣጠሚያው ላይ ቀይ ፈሳሽ ሳይታይ ሲቀር በስሏል። ያደረው ወጥ ለብ ብሎ አይቅረብ፣ ይንተክተክ።

ሊሞት የደረሰ ዶሮ አርዶ መብላት ወይም መሸጥ ፈጽሞ አይገባም። ኪሳራው እንደሚያም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቅበሩት።

6. መድኃኒትና አዲስ ዶሮ

ከገበያ የመጣ ዶሮ ለሁለት ሦስት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። ፈንግል ክትባት አለው፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፣ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ዶሮ ባኮረፈ ቁጥር ቴትራሳይክሊን በውሃ መበጥበጥ ግን ፈንግልን አያድንም፣ ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነውና። የሚያተርፈው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው። ባለሙያ ካዘዘላችሁም እንቁላሉና ሥጋው የማይበላበትን ቀን ጠይቁ።

7. ሰው ሲታመም

ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን፣ ካምፒሎባክተር ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ለሕፃን ወዲያው ኦአርኤስ ስጡት፣ ጡት አይቋረጥ፣ ዚንክ ከጤና ኬላ ውሰዱ። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ትኩሳቱ ካልበረደ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ቤታችሁ ዶሮ እንዳለም ንገሯቸው። ከካምፒሎባክተር በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከስንት አንዴ፣ የአዋቂም ሆነ የልጅ እግር እየዛለ ወደ ላይ የሚወጣ ድካም ይከተላል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ተቅማጡ መቼ እንደነበረም ለሐኪሙ ይነገር።