ሕመሙ ሳይጠና የሕመምተኛውን ፈቃድ መጠየቅ

ኮቪድ-19 ሳንባን ሲጎዳ የሕመምተኛው ሁኔታ በሰዓታት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። ጠዋት በስልክ ሲነጋገር የነበረ ሰው ማታ በሜካኒካል ቬንቲሌተር መተንፈስ ሊያስፈልገው፣ ለዚህም በመድኃኒት እንዲተኛ ሊደረግ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን መጠየቅ አይቻልም። ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግና ማን እንዲናገርለት እንደሚሻ መጠየቅ ያለበት አስቀድሞ ነው።

የሰጠው መልስ በእርግጥ የራሱ ውሳኔ መሆኑ በምን ይታወቃል? የጤና ባለሙያው የተነገረውን መረዳቱን፣ ነገሩ በራሱ ላይ ሊደርስ እንደሚችል መገንዘቡን፣ አማራጮችን ማመዛዘኑንና ምርጫውን በንግግር ወይም በምልክት መግለጹን ይመለከታል። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ለሐኪም አክብሮት ሲል «አዎን» ይላልና። «የነገርኩዎትን ለልጅዎ እንዴት አድርገው ያስረዱታል?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ ነው። ሕመምተኛው «ያስተኙኛል፤ ልነቃም ላልነቃም እችላለሁ» ካለ፣ አነጋገሩ የሐኪም ባይሆንም ነገሩ ገብቶታል።

ውሳኔውን እኛ አለመውደዳችን፣ ሰውየውም ማርጀቱ ወይም ፊደል አለመቁጠሩ የመወሰን ችሎታ እንደሌለው አያሳይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል።

የኦክስጅን ማነስና ከፍተኛ ትኩሳት አእምሮን ያደናግራሉ፤ መቃዠቱ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ልጁን ያላወቀ ሰው ኦክስጅን ተሰጥቶት ጠዋት በቅጡ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጠይቆ መመለስ ስላቃተው ብቻ አይተው፤ አፍ በፈታበት ቋንቋ፣ በጭምብል የታፈነው ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንደገና ይጠየቅ። ስለ ቬንቲሌተር ማመዛዘን ያልቻለ ሰው እንኳ «ልጄ ትናገርልኝ» ለማለት ሊችል ይችላል። ይህም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነውና በሕክምና መዝገቡ ይጻፍ።

በአገራችን ከባድ ዜናን ከሕመምተኛው መሰወር ከርኅራኄ የመነጨ ልማድ ነው፤ ሐኪሙን በር ላይ ይዞ «እርሱ እንዳይሰማ» ማለት የተለመደ ነው። ይሁንና በዚህ ሕመም አስታማሚ አልጋው አጠገብ እንዳይቆም ሊከለከል ስለሚችል፣ የአባቱን ፈቃድ ያልሰማ ልጅ በስልክ ተጠርቶ ስለ አባቱ እንዲወስን ይገደዳል። ሸክሙ ከባድ ነው። ሕመምተኛዎ ወደ ሕክምና ማዕከል ከመሄዱ በፊት፣ ቢዘገይም እንደደረሰ፣ በእርጋታ ይጠይቁት፤ የመረጠውንም ሰው ስልክ ቁጥር ያስመዝግቡ። ማሰብና መናገር እስከቻለ ድረስ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚጸናው የኋለኛው ቃሉ ነው።