የታመቀ ባሌስትራ፤ አፈታቱና አገጣጠሙ

የሁክን ሕግ ስናስተምር ሁልጊዜ የምናነሳው ጥቅልል ሽቦና የመቶ ግራም ክብደት ነው። ለቢቸናና ለሞጣ ተማሪ ግን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ፤ የመኪና የኋላ ባሌስትራ። ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ለረጅም ዓመታት ጠጠር ስለነበረ፣ ባሌስትራው ተሰብሮ በሰው ግቢ የሚጠገን መኪና እንግዳ ነገር አልነበረም።

ባሌስትራ የተደራረቡ ደጋን መሰል ብረቶች፣ ማለትም ቅጠሎች፣ ናቸው። በመሃላቸው አንድ ብሎን ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ አጫጭሮቹ ከረጅሙ ይበልጥ የጎበጡ ስለሆኑ በራሳቸው አይገጥሙም፤ አጣብቆ የያዛቸው ያ ብሎን ነው። እንግዲህ ባሌስትራው ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ቢጋደምም እንኳ «አሁንማ ምን ያደርጋል!» አይባልም።

እስቲ እናስላው። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት 4 ሳንቲ ሜትር፣ ለመዝጋት የሚያስፈልገው ኃይል 3000 ኒውተን ነው እንበል። የታመቀው ጉልበት የሁለቱ ብዜት ግማሽ ስለሆነ 60 ጁል ይመጣል፤ ይኸውም ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ 6 ኪሎ ድንጋይ ማለት ነው። ክፍተቱ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን 240 ጁል፣ ማለትም 24 ኪሎ ድንጋይ! ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ሆነ። «ያኛውን ፈትቼው ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ይህን ስሌት አላየውም።

ስለዚህ ዳዶው ከመነካቱ በፊት ቅጠሎቹ ከብሎኑ ግራና ቀኝ በሁለት ጠንካራ ማጥበቂያ ወይም በትልቅ ሞርሳ ይያዙ። ብሎኑ ከወጣ በኋላ ማጥበቂያዎቹን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ማላላት ነው። ሰውም ከጎን ይቁም እንጂ ከበላዩ አያጎንብስ፤ በጫፎቹ ትይዩም አይቁም። ሲገጠም ቀዳዳዎቹን የሚያስተካክል ረጅም ዘንግ ይገባና ቅጠሎቹ እኩል ይጨመቃሉ፤ ከዚያ አዲሱ ብሎን ይተካል። በመዶሻ እየመቱ ማስገባት እኛ አንወደውም።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ከሥሩ መግባት ጨርሶ አይሞከርም። የፊት ጎማዎቹ ይታገዱ፣ ሻንሲውም በብረት መቆሚያ ወይም በወፍራም ግንድ ይደገፍ። ድንጋይ አይሆንም፤ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል።

አንዳንዱ ደግሞ ቅጠሉ አልጎብጥ ሲለው በእሳት ያግለዋል። ቀጥቃጭ አሮጌ ባሌስትራን አግሎ ማረሻ ሲያወጣበት ደግ አደረገ። ለመኪና ግን ያው እሳት የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል፤ ቅጠሉ ሸክም ሲያርፍበት ተኝቶ ይቀራል ወይም ይሰበራል።

የጫፎቹ ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያቀፉት ብሎኖች ደግሞ በመጀመሪያው ጉዞ ይላላሉ፤ ቢቸና ተጠግኖ ወደ ሞጣ የሚሄድ ሾፌር ደብረ ወርቅ ላይ ወርዶ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ በቁልፍ ይሞክራቸው።